ደጀን ብቻውን አይቆምም

አዲስ ተጫዋች ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስተምረው ማፈግፈግን ነበር። ማጥቃትማ ማንም ያውቃል። ቆርኪውን ገፋ አድርጎ፣ ዳይሱን ወርውሮ "ዘራፍ!" ማለት ትምህርት አይጠይቅም። የተሸነፈን ጦር ሥርዓቱን ጠብቆ ከሜዳ ማውጣት ግን ጥበብ ነው፤ የእኛ ሰፈር ወጣት ደግሞ ይህን ጥበብ ከሚማር ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። "ጋሼ፣ እኛ አንሸሽም" ይሉኛል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያልኩ ስጮህባቸው እሑዱ ይመሻል።

አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ፋብሪካው ሲወረስ ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ወደ አገሩ ገባ፤ ቢሮው ውስጥ አንድ ሣጥን ትቶ ነበር። ሣጥኑን ስከፍተው የጣት ቁመት ያላቸው የብረት ወታደሮችና አንድ ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። መጽሐፉ ድሮ የተደረገ ጦርነት ጠረጴዛ ላይ እንደገና እንዴት እንደሚዋጉት የሚያስረዳ ነው። ወታደሮቹ ባለ ረጅም ኮፍያ ነጮች ስለነበሩ ለእኛ አልሆኑም፣ ሕጉን ግን ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት። ከዚያ የራሳችንን ጦርነት አበጀሁ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ሁለት ጌቶች፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ መሻገሪያ። እግረኛው የቢራ ቆርኪ፣ ፈረሰኛው የለስላሳ ቆርኪ፣ ጠመንጃ ያዡ ቀይ ቀለም የተቀባ ቆርኪ ነበር። ወንዙ ከፋብሪካ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ሁለቱን ዳይሶች ከበሬ ቀንድ የጠረብኳቸው ራሴ ነኝ።

የራሴን ሕግም ጨመርኩበት። አዲስ ተጫዋች ያጭበረብራል፤ ሁለት ወርውሮ አምስት ነው ብሎ ይምላል። ስለዚህ ወርዋሪው የወጣለትን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ባላጋራው ጮክ ብሎ ይደግመዋል፤ ያልተደገመ ቁጥር አይቆጠርም። ጨዋታ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ ደግሞ ተራው የማን እንደነበረ ይያዛል፤ እስከ ሌላ እሑድም ቢቆይ ሌላ ሰው ዳይሱን አይነካም። ዋናው ግን የማፈግፈግ ሕግ ነበር። ጦር ወደ ኋላ ሲል ጥቂት ሰው ደጀን ሆኖ መሻገሪያውን ይይዛል፤ ደጀኑ አንድ ቆርኪ ብቻ ከሆነ ወዲያው ይፈርሳል። "ደጀን ብቻውን አይቆምም!" እያልኩ በቀጭኗ ዱላዬ ጠረጴዛውን እደበድብ ነበር። ፉከራንም ከልክዬ ነበር፤ እሱን እንኳ ማንም አልሰማኝም። የቢራ ቆርኪ የያዘ ሁሉ የአባቱን ስም ሳይጠራ ዳይስ አይወረውርም።

የምንጫወተው የቀበሌው የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ውጭ ይሰማል። ከፊት ለፊት አንድ በር አለው። ከኋላ፣ በባቡር ሐዲዱ በኩል፣ ድሮ ጆንያ የሚጎተትባት ዝቅ ያለች ሰፊ መዝጊያ ነበረች። መፈክር የተጻፈበት ትልቅ ቀይ ጨርቅ ስለተሰቀለባት መኖሯን የሚያስታውስ አልነበረም። እኔ የማስታውሳት ጠረጴዛዬ በፊት በር አልገባ ብሎኝ በእሷ ስላስገባሁት ነው።

ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ከሁለቱ ጌቶች ተራማጁ የትኛው ነው፣ ጓድ?"

"ሁለቱም አድኃሪ ናቸው" አልኩ።

"እንግዲያው ሁለቱም መሸነፍ አለባቸው።"

"ብዙውን ጊዜ እንዲያ ነው የሚያልቀው" አልኩት። እውነቴን ነበር፤ የእኔ ተጫዋቾች አንዱም ስለማያፈገፍግ ሁለቱም ጦር እዚያው ወንዝ ዳር ያልቃል። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ማኅተሙን መታልኝ።

ልጁን ያመጣችልኝ እናቱ ናት። ከወሎ የመጣች፣ መንገድ ዳር በርበሬና ጨው የምትሸጥ ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ መኪናው ገደል ገብቶ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ይዛ ቀርታለች። ከእሷ ጋር የተዋወቅነው የቀበሌው ሱቅ ወረፋ ላይ ነው። ስኳር መጣ ሲባል ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፤ ሥራ ያለበት በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። አንድ ቀን ከፋብሪካ ስመለስ ድንጋዬን በእግሩ ገፍቶ የቆመ ጎረምሳ አገኘሁ። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"ድንጋዩ እስካለ ሰውየው አለ" አለችው። "አንተ ከኋላው ነህ።"

ጎረምሳው የእሷን እጥፍ ይሆናል። አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከበርኳት፤ ትንሽም ፈራኋት።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ አፈሳ ሆነ። ጢም ማብቀል የጀመረ ልጅ ያላት እናት ሁሉ በር በሩን ታያለች። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የቀረ ነበር። እናቱ እየጎተተች ያመጣችው በዚያን ሰሞን ነው።

"መንገድ ላይ አፍሰው እንዳይወስዱብኝ ነው" አለችኝ። "እሑድ እሑድ ካንተ ጋር ይዋልልኝ ወንድሜ። ያንተ ቤት የቀበሌ ማኅተም ያለበት ነው። ማኅተም ያለበት ቤት ገብቶ ማን ያፍሳል?"

"እኔ ጋ እስካለ ማንም አይነካውም" አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኳት።

ልጁ አሥራ ስምንት የሞላው፣ መጋዘን ውስጥ ጆንያ የሚሸከም፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ ነበር። እናቱ "ዝም አይነቅዝም" ትላለች ስለ እሱ። ከአዳዲሶቹ ሁሉ የማይፎክር እሱ ብቻ ነው። ማፈግፈግን የተማረልኝም እሱ ብቻ ነው። ጦሩ መዳከም ሲጀምር ሁለት ቀይ ቆርኪ መሻገሪያው ላይ ይተውና ሌላውን ቀስ እያለ ወደ ማዶ ያሻግራል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። "እሱማ ከጦርነቱ ይልቅ የሚወደው ወደ ቤት መመለሱን ነው" ይላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን ደረቴ ይነፋል፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንድ ሰው ገብቶታል።

አንድ አርብ ቀን ሊቀመንበሩ ቢሮው አስጠራኝ። እንዲያ ፈገግ ብሎ አይቼው አላውቅም።

"ጓድ፣ በዚህ እሑድ የአዳዲስ ተጫዋቾች ቀን አዘጋጅ" አለኝ። "ከፍ ከፍ ያሉትን ሰብስብ። ሕፃናቱን ተዋቸው። እኔም መጥቼ አጭር ንግግር አደርግላቸዋለሁ።"

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከስንት ልመና በኋላ ቀበሌው ሥራዬን አየልኝ ብዬ ቅዳሜን ቆርኪ ስቀባ ዋልኩ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የማላውቃቸው ጎረምሶች ሳይቀሩ መጡ፤ ከመጋዘን፣ ከጋራዥ፣ ከሳሙና ፋብሪካ። ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ፣ ሕጉን አስረዳሁ፣ በሁለት ወገን ከፈልኳቸው። የጎረቤቴን ልጅ የወንዝ ማዶው ጦር አዛዥ አደረግሁት። ጨዋታው ሲጀመር ጩኸቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

መጀመሪያ የቆረቆረኝ በር ላይ የሚቆመው አብዮት ጥበቃ ነው። ሌላ ጊዜ ጠመንጃውን ደገፍ አድርጎ ገብቶ ያያል፣ የራሱ የእህት ልጅ ከተጫዋቾቼ አንዱ ስለሆነ ጮክ ብሎ ይመክረዋል። የዚያን ቀን አልገባም። የእህቱ ልጅም አልመጣም። እሑድ ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ነው። በር ላይ "የት ሄደ?" ስለው አብዮት ጥበቃው "አሞታል" ብሎ ጫማ ጫማውን ነበር ያየው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የእኔ ግን ዘግይቶ ነው የገባው።

ውኃ ላስመጣ ወደ በሩ ሄጄ ገፋሁት፤ አልከፈት አለኝ። ከውጭ ተቀርቅሯል።

"ሊቀመንበሩ እስኪመጣ ማንም አይውጣ ተብያለሁ፣ ጋሼ" አለኝ አብዮት ጥበቃው ከውጭ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር።

በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ሸራው ወደ ታች የወረደ የወታደር ካሚዮን ቆሟል። አንድ ወታደር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል። የሚጠብቁት ሊቀመንበሩን ነው፤ ሊቀመንበሩ እስኪመጣ ወጣቱን አንድ ቤት ሰብስቤ የያዝኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ቁጣው መጣ፤ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ማኅተሙን መትቶ የሰጠኝን እጅ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ጮክ ብዬ ብናገር አብዮት ጥበቃው ይሰማል። ዝም ካልኩም ይወሰዳሉ። ያለኝ ቋንቋ የጨዋታው ቋንቋ ብቻ ነበር።

"ወንዙ ሞላ" አልኩ በዱላዬ ጨርቁን እየመታሁ። "ጠላት በፊት በኩል ከቧችኋል። ሁለቱም ጦር አሁኑኑ ያፈገፍጋል። መውጫው ከኋላ ነው።" በዱላዬም ቀዩን ጨርቅ ጠቆምኩ።

"ጋሼ፣ እያሸነፍን?" አለ አንዱ።

"ያፈገፍጋል አልኩ!"

"እኛ አንሸሽም" አለ ሌላው፣ ደረቱን ነፍቶ። ሳቁ። አንዱ እንዲያውም ፉከራ ጀመረ። እዚያ ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ስንት እሑድ የለፋሁበት ትምህርት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ማንም አልያዘውም።

የጎረቤቴ ልጅ አልሳቀም። እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ቀዩን ጨርቅ አየ። ከዚያ ቆርኪዎቹን ከሜዳው ላይ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ። አጠገቡ ወደ ነበረው ልጅ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ቃል ተናገረ። ያም ለሚቀጥለው። ቃሏ "አፈሳ" ነበረች፤ ጠረጴዛውን ስትዞር የፊታቸው ቀለም ሲለወጥ አየሁ። የሚፎክረው ልጅ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"ፎክር" አልኩት በሹክሹክታ። "አታቁም።"

ያን ያህል ዘመን የከለከልኩትን ፉከራ ያን ቀን ለመንኳቸው። እኔ ዳይሱን እወረውራለሁ፣ እጠራለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ፣ በመሐል አንድ አንድ እያሉ ከቀዩ ጨርቅ ሥር ይገባሉ። መዝጊያዋን ዝገት ይዟት ነበር፤ ጆንያ የለመደው የጎረቤቴ ልጅ ትከሻ ነው የከፈታት። ራሱ አይወጣም፣ ሌላውን እጁን ይዞ ያወጣል። ከመዝጊያዋ እስከ ሐዲዱ ገላጣ ሜዳ ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ የጭቃ ቤቶቹ መንደር ይጀምራል። እዚያ እስኪገቡ ድረስ አብዮት ጥበቃው ዞር ብሎ ማየት የለበትም። ሰው በወጣ ቁጥር ግን ድምፅ ይቀንሳል፣ ድምፅ በቀነሰ ቁጥር የቀሩት ይበልጥ መጮህ አለባቸው። በመጨረሻ ሦስት ሆነን ቀረን፣ ከዚያ ሁለት።

"አሁን አንተ" አልኩት። "ውጣ። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። እኔን ሽማግሌ ማን ያዘምተኛል?"

አንገቱን ነቀነቀና ሄደ። ቀዩ ጨርቅ ሲወዛወዝ አየሁ። የእናቱ ፊት መጣብኝ፤ ቃሌን ጠበቅኩ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ከዚያ ዳይሱን ወረወርኩ።

"አምስት!"

የሚደግም የለም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የራሴ ድምፅ ተመልሶ መጣብኝ። ከውጭ ጠመንጃ ቆርቆሮውን ነካ አደረገ።

"ጋሼ፣ ምነው ዝም አላችሁ?" አለ አብዮት ጥበቃው።

"አምስት!" አልኩ እንደገና።

"አምስት!" አለ ድምፅ ከኋላዬ።

ዘወር ስል ጨርቁን ገልጦ ተመልሷል። ላንቀው ፈለግሁ። አንገትጌውን ይዤ ወደ መዝጊያዋ ገፋሁት፤ እንደ ቋጥኝ ቆመ።

"ገና ሐዲዱን አልተሻገሩም" አለኝ በቀስታ። "አንዱ እግሩን ወለም ብሎታል፣ ተሸክመውት ነው የሚሄዱት።"

"አንተን አልጠየቅሁህም። ውጣ!"

"ደጀን ብቻውን አይቆምም ያሉት እርስዎ ነዎት።"

እልኸኛ ሰው ነኝ፣ በክርክር የሚረታኝ ጥቂት ነው፤ የገዛ ሕጌ ግን ረታኝ። እሱ ወደ ቦታው ሄዶ ቆመ፤ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር። ዳይሱን አንስቶ በመዳፉ አሸ። ከዚያ ያ ፎክሮ የማያውቅ ልጅ አንገቱን ቀና አደረገ።

"ዘራፍ!" አለ። "ዘራፍ የሾፌር ልጅ! ፍሬን የማያውቀው!"

ቆርቆሮው ጮኸ። ከውጭ አብዮት ጥበቃው ሲስቅ ሰማሁት። ልጁ ወረወረ፣ ጠራ፣ ደገምኩ። እኔ ወረወርኩ፣ ጠራሁ፣ ደገመ። በመሐል የጋራዡን ልጅ ድምፅ አስመስሎ ይፎክራል፣ የሳሙና ፋብሪካውን ልጅ ሳቅ ይስቃል። ያን ሁሉ እሑድ ዝም ብሎ ሲሰማቸው ኖሯል ለካ። ፈርቼ ነበር፤ ዳይሱ ሁለት ጊዜ መሬት ወደቀብኝ። ደግሞም ኮርቼበት ነበር። ልጄ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው እናቱ ትዝ አለችኝና ምኞቴ አስፈራኝ።

በመዝጊያዋ አጮልቄ መለስ ስል ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። "ተሻገሩ" አልኩት። "በል አሁን፣ በአላህ ብዬሃለሁ፣ ውጣ።"

"የእኔን ተራ ልወርውርና" አለ።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ፣ ወታደሮች አስከትሎ ገባ። ለንግግሩ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር። ጠረጴዛውን አየ፣ ባዶውን ሜዳ አየ፣ እኛን ሁለታችንን አየ።

"የት አሉ?" አለኝ።

"አፈገፈጉ" አልኩት።

በጥፊ አጮለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሁለት ወታደሮች ልጁን በሁለት ክንዱ ይዘውታል። አልታገለም። ዳይሶቹ በጭብጡ ውስጥ ነበሩ፤ ወደ በሩ ሲገፉት ኪሱ ከተታቸው።

እኔን ቀበሌው እስር ቤት ከርቸም አደረጉኝ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ከፍ ወዳለ ቦታ ሊወስደው አልደፈረም፤ በገዛ አዳራሹ ውስጥ የማያውቀው በር ነበራ። ልጁን ለጥቂት ቀን እዚያው ግቢ ከሌሎች ጋር አቆዩት። እናቱ በየቀኑ ምሳ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ሁለት ሳህን። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ። እሱን ጭነው ከወሰዱት በኋላም የእኔን ማምጣቷን አልተወችም። እንድትረግመኝ ስጠብቅ ወጥ አመጣችልኝ፤ ከእርግማን የከበደኝ እሱ ነው። ቃሌን በልቻለሁ ብዬ ልናገር ስሞክር በእጇ ከለከለችኝ።

"ዝም በል" አለችኝ። "ያመለጡት ልጆች እናቶች በራፌ ላይ መጥተው አልቅሰዋል። ሰምቻለሁ። ብላ።"

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በደብረ ዘይት መንገድ እያነከሰ ሰፈራችንን ቃሊቲን አቋርጦ አለፈ። ባዶ እግር፣ የተቀደደ ልብስ፣ ውኃ የሚለምን አፍ። እሷ ከበርበሬዋ አጠገብ በጆግ ውኃ ይዛ ለእያንዳንዱ ሰጠች፣ እያንዳንዱን ጠየቀች። እኔም ባልዲ እየሞላሁ አመላልስላት ነበር። መንገዱ ጭር እስኪል ድረስ ቆመን። ልጇ አልመጣም። ሞተ የሚልም፣ አለ የሚልም አልመጣላትም።

ያን እሑድ ያመለጡት ልጆች አድገው፣ አንዳንዶቹም ወልደው፣ ጨዋታውን እንደገና እንድጀምር ጎተጎቱኝ። ሊቀመንበሩ ሸሽቷል፤ ጠረጴዛዬ የቀበሌው ጓሮ ተጥሎ ተገኘ። ቆርኪ እንደሆነ ሞልቷል። የጠፉት ዳይሶቹ ብቻ ነበሩ። ልጁ ሊወሰድ ሲል በሽቦው አጥር ሥር ለእናቱ እንደሰጣት ሰምቼ ስለነበር ሄድኩ። ለጓደኞቹ መታሰቢያ ይሆናል፣ እሱም ቢያይ ደስ ይለዋል፣ እንዲህ እንዲያ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ሁለቱን ዳይሶች መዳፏ ላይ አሳየችኝ። ከመታሸት ብዛት ጠርዛቸው ለስልሷል።

"ያኔ ተራው የማን ነበር?" አለችኝ።

"የእሱ" አልኩ።

መዳፏን ጨበጠችው።

"እኔንም ያለኝ ያንኑ ነው። 'እማዬ፣ ወረፋዬን ያዢልኝ' ነው ያለኝ። ይዤለታለሁ።" ቋጠሮዋን መልሳ አሰረች። "አንተ ከኋላው ነህ።"

አንድ ቃል ሳልመልስ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከኋላው ቆሜ አለሁ።